ስም የለሽ ፍሬን ሸራ በያማሃ ኤጂ 100 ላይ፦ ከክረምት እስከ በጋ

ፍርዱን ላስቀድም። ይህ ሸራ ለደብረ ማርቆስ ከተማና ለዙሪያው የጠጠር መንገድ ይበቃል። ዓባይ በረሃን ለሚወርድ ሰው ግን አልመክረውም። ከግንቦት ጀምሮ ክረምቱንም በጋውንም ነድቼበታለሁ፤ ተገጥሞ በማግስቱ የሚጻፍ ሙገሳ አይደለም።

ሞተሯ ያማሃ ኤጂ 100 ናት። ጎጃም ገጠር ውስጥ በግብርና ወይም በጤና ሥራ የዞረ ሰው ሳያያት አልቀረም። 97 ሲሲ፣ ቱ ስትሮክ፤ ዘይትን ከነዳጅ ጋር አብሮ የሚያቃጥል ሞተር ማለት ነው። ሰንሰለቷ ሙሉ በሙሉ በሽፋን የተዘጋ ነው። ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አላት። በግራም በቀኝም ማቆሚያ እግር አላት። ሲሠሯት ስለ ውበት ብዙ አልተጨነቁም፤ እኔ ግን ወድጃታለሁ። የኔዋ የልማት ሠራተኛ የነበሩ ጎረቤቴ ጓሮ ውስጥ ዶሮ ሲያድርባት የኖረች ናት። ጋሼ ሲሸጡልኝ የነገሩኝ ጉድለት አንድ ብቻ ነው፤ «መነሣትስ ትነሣለች፤ መቆሙን ነው የረሳችው።»

ፍሬኗ ፊትም ኋላም የታምቡር ነው፤ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት ሸራ የተለጠፈበት ብረት ከውስጥ እየተጫነ ያቆመዋል። ዲስክ የለም፣ የፍሬን ዘይት የለም፣ የሚበላሽ ጎሚኒ የለም። ግቢው ውስጥ ሰሌን አንጥፎ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ካቦው ክንዱን ይስባል፣ ክንዱ ታምቡሩ ውስጥ ያለውን ብረት ያዞራል፣ ብረቱ ሁለቱን ሸራዎች ወደ ታምቡሩ ይገፋል። አለቀ።

ሸራውን የገዛሁት እዚሁ ማርቆስ ነው። ካርቶኑ ላይ የሞተር ሳይክል ሥዕል አለ፣ ስለ ጥራቱም ብዙ ተጽፏል። ማን እንደሠራው ግን የትም የለም። ዋጋው የኦሪጅናሉን ሲሶ አይሞላም። ባለሱቁን «ኦሪጅናል ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ኦሪጅናል ኮፒ ነው» አለኝ፣ ፍርጥም ብሎ።

እንዲህ ያለ ዕቃ ስትገዙ የድሮውን ሸራ ይዛችሁ ሂዱ። ካርቶኑ ላይ የሞተራችሁ ስም ስላለ ብቻ አትመኑ። ወርዱን፣ ክቡን፣ ሞላ የሚንጠለጠልበትን ቀዳዳ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስተያዩ። መጀመሪያ የቀረበልኝ ካርቶን ውስጥ የነበሩት ሁለት ሸራዎች እርስ በርሳቸው እንኳ እኩል አልነበሩም። ሁለተኛው ደህና ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ታምቡሩ ካልተናገርኩ ስለ ሸራው የምለው ትርጉም አይኖረውም። ውስጡ ዝጎ፣ በጥፍር ሲነካ የሚይዝ መስመር መስመር አውጥቶ ነበር። ብረት የሚላጥበት ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ጎማውን አንዴ አሽከረከረና ወደ እኔ መለሰው። «ራጂዎቹን አጥብቀህ፣ ቸርኬውን አስተካክለህ ና። አሁን ብልጠው ነገ ራጂ ስታጠብቅ ይጣመማል» አለኝ። ልክ ነው። ራጂ፣ ማለትም ታምቡሩን ከጎማው ክብ ብረት ከቸርኬው ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ሽቦ፣ ታምቡሩን በየአቅጣጫው ይወጥረዋል። አንዱ ጋ ጠብቆ ሌላው ጋ ከላላ ክቡ ክብ አይሆንም፤ ፍሬን ሲያዝ ማንሻው እጅ ላይ የሚርገበገበው ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ራጂው ይቀድማል፣ ቶርኖው ይከተላል። ጎማውን እንዳለ የሚይዝ ትልቅ ቶርኖ ያለው ሰው ፈልጉ። ብዙ ታምቡሮች ውስጥ የመጨረሻው የስፋት ልክ ተቀርጾ ይገኛል፤ ከዚያ ካለፈ መላጡን ትታችሁ ሌላ ታምቡር ማፈላለግ ነው።

ወደ ሸራው ልመለስ። አዲሱን ሸራ ከተላጠው ታምቡር ጋር ለማስተያየት የታምቡሩን ውስጥ ጠመኔ ቀባሁት። ሸራውን አስገብቼ በእጄ አሸት አሸት አደረግሁት። አውጥቼ ሳየው መሐሉ ላይ የአውራ ጣት ስፋት የምታህል ነጭ ምልክት አለች። ሁለቱ ጫፎች ጥቁር እንደሆኑ ናቸው። ሸራው ለመደበኛው ልክ የተሠራ ነው፤ ታምቡሩ ደግሞ ተልጦ ሰፍቷል። እንደዚሁ ቢገጠም የሚይዘው ያቺ ነጭዋ ብቻ ናት። ብዙ ሰው አዲስ ሸራ ቀይሮ «ድሮውንስ ምን ነበረው፣ የባሰ ሆነ» የሚለው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሸራው ገና ቦታውን አልያዘም።

መፍትሔው ትዕግሥት ነው። ብርጭቆ ወረቀት ታምቡሩ ውስጥ ለጠፍኩ። ሸራውን በዚያ ላይ እየፈገፈግሁ፣ እያወጣሁ፣ ጠመኔ እየቀባሁ ነጩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እስኪደርስ ሠራሁት። ታምቡሩ ሲዞር መጀመሪያ የሚያገኘውን የሸራውን ጠርዝ ደግሞ በሊማ ትንሽ ሰበር አደረግሁት። ይቺ ጩኸት ትቀንሳለች። ስጨርስ ወረቀቱን አንስቼ ታምቡሩን አጠብኩት።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ጋራዥ ውስጥ ታምቡር ሲከፈት መጀመሪያ የሚደረገው በኮምፕሬሰር መንፋት ነው። አቧራው ደመና ሆኖ ይወጣል፣ ልጆቹም እዚያው ቆመው ይተነፍሱታል። የድሮ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ነበረበት። ሳንባ የሚጎዳ ነገር ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁን በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉት። እንደኔ ሸራ የምትፈገፍጉም አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። አምራቹ ካልታወቀ ውስጡ ያለውም አይታወቅም።

የቀረውን ቶሎ ልበል። ሸራውን የሚገፋው ብረት የድሮ ግሪስ ደርቆበት መመለስ አቅቶት ነበር። ክንዱ የት ጋ እንደገባ ምልክት አድርጌ አወጣሁት፣ በቤንዚን አጠብኩት፣ ስስ ግሪስ ቀባሁት። ስስ ነው ያልኩት። ግሪስ በዝቶ ሸራ ላይ ከደረሰ ያ ሸራ አበቃለት። ቤንዚን ያጸዳዋል የሚሉ አሉ፤ ሲሞቅ ዘይቱ ከውስጥ ተመልሶ ይወጣል። የፊቱን ካቦ ቀየርኩት። የፊት ጎማ ሲገባ ደግሞ የፍሬኑ ክዳን ሹካው ላይ ካለው ጥርስ ጋር መግጠሙን አስቀድማችሁ እዩ። ካልገጠመ ፍሬን ስትይዙ ክዳኑ አብሮ ይዞራል፣ ካቦውን ይበጥሳል፣ ጎማውን ይቆልፋል። ዳዶው ሲጠብቅም አንድ ሰው የፍሬኑን ማንሻ ጨብጦ ይያዝላችሁ፤ ሸራዎቹ ራሳቸውን መሐል ላይ ያደርጋሉ። ምንም ወጪ የለውም፣ ልዩነቱ ግን እጅ ላይ ይታወቃል።

አሁን ወደ መንገዱ።

መጀመሪያ ላይ አያያዙ ለስለስ ያለ ነበር። ጠዋት ጠዋት ይጮኻል። የመንደሩ ውሻ ሁሉ መምጣቴን ቀድሞ ያውቅ ነበር። ሸራው ቦታውን እየያዘ ሲሄድ ጩኸቱ ጠፋ፣ አያያዙም ጠነከረ። ሐምሌ ላይ በፊት ፍሬኑ ሙሉ እምነት ነበረኝ።

ክረምቱ ሌላ ፈተና አመጣ። የማርቆስ ዙሪያ ዋልካ ጭቃ የት እንደማይገባ አላውቅም። ጨሞጋ ሲሞላ ገባር ጅረቶቹን ተሻግሮ መሄድ አለ፤ ከውኃ ስትወጡ ፍሬኑ ለጥቂት ጊዜ ባዶ ነው። ይህ የዚህ ሸራ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ታምቡር ውኃ ከገባበት ሁሉም እንዲሁ ነው። ፍሬኑን ለዘብ አድርጎ ይዞ እየነዱ ማድረቅ ነው። ግን ይኼኛው ከጠበቅኩት ቶሎ ይደርቃል። ደስ ብሎኛል። በተረፈ ክረምቱን በሙሉ የጠየቀኝ ካቦ ማስጠበቅ ብቻ ነው። ለኋላው ፔዳል ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ባዶ መንገድ እተውለታለሁ፤ ከዚያ ካነሰ ሸራው ሳይለቅ እየተፋተገ ይግላል።

ፈተናው ከበድ ያለው ከረቡዕ ገበያ መልስ ነው። ወደ ጮቄ በኩል ያለው መንገድ ሽቅብ ነው፤ ሲመለሱ ደግሞ ድንች ጭኖ ቁልቁል። በዚህ መውረድ ላይ የፊቱ ማንሻ ቀስ በቀስ እየጠለቀ ይመጣል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይሸሻል፤ ሸራውም ሲግል የመያዝ አቅሙ ይደክማል። የተቃጠለ ሽታ አለ። ቆም ብሎ ማቀዝቀዝ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። እዚህ ድረስ እታገሠዋለሁ።

ዓባይ በረሃ ግን ሌላ ነገር ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። መኪና የያዘ ሰው ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን እንደ ፍሬን ይጠቀማል። ቱ ስትሮክ ግን በባሕርዩ መጎተቱ ደካማ ነው። ከዚያም የከፋ ነገር አለ። የኤጂ ሞተር ዘይት የሚያገኘው ከራሱ ፓምፕ ነው፤ ፓምፑ ደግሞ የሚሰጠው እንደ ነዳጅ መስጫው አከፋፈት ነው። ነዳጁን ዘግታችሁ በዝቅተኛ ማርሽ እያስጮኻችሁ ብትወርዱ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር እየዞረ ዘይቱ ግን ይጎድልበታል። ፒስተን የሚነክሰው እንዲህ ነው። ስለዚህ አልፎ አልፎ ነዳጅ ነካ ማድረግ ግድ ነው። ነዳጅ ስትሰጡ ደግሞ ትፈጥናላችሁ። ሸክሙ ሁሉ ሸራው ላይ ይወድቃል ማለት ነው።

ደጀን በኩል ወርጄ ከተመለስኩ በኋላ ሁለቱንም ጎማ ከፈትኳቸው። የፊቱ ደህና ነው። አዲስ ሲሆን 4 ሚሊ ሜትር ገደማ የነበረው የሸራው ውፍረት ወደ 3 ቀርቧል፤ መቀየር ያለበት 2 ሲደርስ ነው። ከሁለቱ ሸራዎች አንዱ ይበልጥ ተበልቷል። ይህም የሚጠበቅ ነው፤ ታምቡሩ ሲዞር እሱን ወደ ራሱ እየሳበ ያጣብቀዋል፣ ሌላውን ይገፋዋል። የኋላው ግን አላማረኝም። የአንደኛው ሸራ ጥግ ላይ፣ ሸራው ከብረቱ ጋር በተጣበቀበት መስመር፣ ጥፍር የምታስገባ ስንጥቅ አለች። ሙጫው ሙቀቱን አልቻለውም። ሸራ ሲያልቅ ቀስ ብሎ ነው፤ አያያዙ ይነግራችኋል። ሲላቀቅ ግን አያስጠነቅቅም፤ ታምቡሩ ውስጥ ተሰንቅሮ ጎማውን ይቆልፋል። በዚያው ቀን አወጣሁት።

የኋላው ጎማ ላይ አሁን ያለው የሞተሯ የራሷ የድሮ የሸራ ብረት ነው፣ አዲስ ሸራ አስለጥፌበት። ዋጋው ከካርቶኑ ይበልጣል፣ ከኦሪጅናሉ ግን ያንሳል። ስለሱ ለመፍረድ ገና ነው፤ ቢያንስ አንድ ክረምት ይለፍበት። የፊቱን ካርቶን ሸራ አልቀየርኩም። ቁልቁለት በወረድኩ ቁጥር ግን ከፍቼ ጥግ ጥጉን በጥፍር እፈትሻለሁ፤ ይህን ሥራ የማይወድ ሰው ባይገዛው ይሻላል።

ከተማ ለከተማ ለሚነዳ፣ ገበያ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ዋጋው ጥሩ ነው፣ ይግዛው። ልኩ የገጠመ ካርቶን ካገኛችሁ ሁለት ውሰዱ። በሚቀጥለው ወር ያው ሥዕል ያለበት ካርቶን ሌላ ሸራ ይዞ ነው የሚመጣው።