ሪኪ፣ ኤንሪኬ ወይስ ሻኪራ፦ የትኛው አልበም ይገዛ?

በስፓኒሽ ዘፍነው ስም ካተረፉ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገሩ ድምፃውያን ብዙ ናቸው። ያገለገሉ ሲዲዎች የሚሸጡበት ቤት ገብቶ መደርደሪያ የሚያገላብጥ ሰው ግን እነዚህን ሦስቱን አያጣቸውም፦ የፖርቶ ሪኮውን ሪኪ ማርቲን፣ ማድሪድ ተወልዶ ማያሚ ያደገውን ኤንሪኬ ኢግሌሲያስንና የኮሎምቢያዋን ሻኪራን። የሁለቱ ወንዶች አልበሞች፣ "ሪኪ ማርቲን" እና "ኤንሪኬ"፣ የወጡት በፈረንጆቹ 1999 ነው። የሻኪራ "ሎንድሪ ሰርቪስ" በ2001 ተከተለ። ገንዘባችሁ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የእሷን ግዙ። ለምን እንደሆነ ከሌሎቹ ልጀምርና ልንገራችሁ።

ሪኪ በሩን በርግዶ ነው የገባው። በ1999 መጀመሪያ የግራሚ የሙዚቃ ሽልማት መድረክ ላይ ወጥቶ የ1998ቱን የፈረንሳይ ዓለም ዋንጫ ዘፈን ሲጫወት አዳራሹ ብድግ አለለት። ግንቦት ላይ አልበሙ ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 661 ሺህ ኮፒ ተሸጠ። "ሊቪን ላ ቪዳ ሎካ" ደግሞ ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ አምስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ከረመ። ጥሩምባው ሲገባ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ይከብዳል፣ እውነቱን ለመናገር።

ጣጣው የሚመጣው ቀስ ባሉት ዘፈኖች ነው። ከማዶና ጋር የተጫወተው ቅብብል እንኳ ከስማቸው ትልቅነት አንጻር ቀዝቃዛ ነው። በዚያ ላይ አልበሙ 14 ዘፈን ይዟል ቢባልም ሁለቱ እዚያው ያሉ ዘፈኖች በስፓኒሽ የተደገሙ ናቸው። የዓለም ዋንጫው ዘፈንና "ማሪያ"ም ቀድሞ የሚታወቁ ናቸው። ድምፁም ሆን ተብሎ ጮክ እንዲል የተሠራ ነው። "ሊቪን ላ ቪዳ ሎካ" ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ተቀድተው አንደኛ ከወጡት ዘፈኖች የመጀመሪያው እየተባለ ይጠቀሳል። ለድግስ ይሄ ምንም አይደለም፣ እንዲያውም ጥሩ ነው። በጆሮ ማዳመጫ አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ለሚሰማ ሰው ግን ያደክማል።

ኤንሪኬ ላይ ብዙ አልቆይም። "ባይላሞስ" ከዊል ስሚዝ ፊልም ጋር ወጥቶ አንደኛ ሆነ። በ2000 ደግሞ "ቢ ዊዝ ዩ" ደገመው። ሁለቱንም የሠሩት የድምፃዊቷን የሼርን "ቢሊቭ" ያዘጋጁት ሰዎች ናቸው፤ ያንን ካወቃችሁ ቅንብሩን ገና ሳትሰሙት ትገምቱታላችሁ። ከዊትኒ ሂውስተን ጋር የተጫወተው ዘፈን ያምራል፣ ግን እሷ ስትገባ እሱ ይጠፋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኤንሪኬን የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው "ሂሮ"ን ነው። "ሂሮ" እዚህ የለም። ያለው በ2001 በወጣው "ኤስኬፕ" ላይ ነው። ፍላጎታችሁ እሱ ከሆነ ይሄን ዝለሉት።

አሁን ወደ ሻኪራ። እኛ ጋ ብዙው ሰው የሚያውቃት በ2010ሩ "ዋካ ዋካ" ነው። ያኔ ግን ከታወቀች ቆይታለች። በእንግሊዝኛ እንድትዘፍን ያደፋፈረቻት በዚያው መንገድ ቀድማት ያለፈችው ድምፃዊት ግሎሪያ ኤስቴፋን ናት። ሻኪራ ግን አብዛኛውን ግጥም ለሌላ ሰው አልሰጠችም። በአዲሱ ቋንቋ ራሷ ተቀምጣ ጻፈች። እንግሊዝኛው አልፎ አልፎ ግራ ያጋባል፣ አንዳንዱ ምሳሌዋ ያስቃል። ይሁን። ሌላ ሰው አስተካክሎት ቢሆን ኖሮ እሷነቷ አብሮ ይሄድ ነበር።

"ዌንኤቨር ዌርኤቨር"ን በደንብ ስሙት። የአንዲስ ተራሮች ዋሽንትና ቻራንጎ የምትባለው ትንሽ ባለ ክር መሣሪያ አሉበት፤ ከሥር ከበሮው ይመታል። "ኦብጄክሽን" በታንጎ ቀስ ብሎ ይጀምርና ድንገት ሮክ ጊታር ይዞት ይበራል። "አይስ ላይክ ዩርስ" ደግሞ ቀድማ በስፓኒሽ የተጫወተችው ነው። አባቷ የሊባኖስ ዘር አላቸውና መሀል ላይ በአረብኛ ታዜማለች። ቤሩት ወይም ዱባይ የኖራችሁ ቃሉን ትይዙታላችሁ። ከ13ቱ ዘፈኖች አራቱ በስፓኒሽ ናቸው። ሁለቱ የእንግሊዝኛዎቹ ድጋሚ ቢሆኑም "ኬ ሜ ኬዴስ ቱ" ብቻውን የአልበሙን ዋጋ ያወጣል።

እንከን አልባ ነው አልልም። "ሬዲ ፎር ዘ ጉድ ታይምስ" ቦታ ለመሙላት የገባ ይመስላል። አልበሙ አሜሪካ ውስጥ ሲገባም በሦስተኛነት ነው እንጂ እንደ ሪኪ አንደኛ ሆኖ አልነበረም። ውሎ አድሮ ግን በዓለም ዙሪያ ከ13 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሸጧል።

ከመክፈላችሁ በፊት ሽፋኑን ገልብጡት። ሪኪ በ1991 ያወጣው የመጀመሪያው የስፓኒሽ አልበሙም ርዕሱ "ሪኪ ማርቲን" ነው። የኤንሪኬም የ1995ቱ "ኤንሪኬ ኢግሌሲያስ"፣ የ1999ኙ "ኤንሪኬ" ብቻ ይባላል። ዓመቱን ካላያችሁ ሌላ ይዛችሁ ቤት ትገባላችሁ። የሻኪራው በስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች "ሰርቪሲዮ ደ ላቫንደሪያ" በሚል ርዕስ ተሸጧል። ያው አልበም ስለሆነ ሁለቴ እንዳትገዙት። በ2002 የወጣው "ዎሽድ ኤንድ ድራይድ" የተባለው እትም ዲቪዲ ጨምሮ ይመጣል። ዋጋው ከተቀራረበ እሱን አንሱ፣ ዲቪዲው ውስጡ መኖሩን ግን ከፍታችሁ እዩ።

ለሰርግ ወይም ለልደት ሙዚቃ የምትሰበስቡ ከሆነ የሪኪን ያዙ፣ አታፍሩበትም። "ሎንድሪ ሰርቪስ" ቤታችሁ ካለና የስፓኒሾቹን ዘፈኖች እየደጋገማችሁ ከሆነ ደግሞ ቀጣዩን ገንዘብ በሁለቱ ወንዶች ላይ አታውጡ። የእሷኑ የ1998 "ዶንዴ ኤስታን ሎስ ላድሮኔስ" ፈልጉ፤ ያ አረብኛ ያለበት ዘፈን መጀመሪያ የወጣው እዚያ ነው።