ለእማዬ የጥናት ነርስ፦ ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ

ቆሽት የሚባለውን ነገር የማውቀው «ቆሽቴ አረረ» ስንል ብቻ ነበር። ከጨጓራ ጀርባ፣ ከአከርካሪ ፊት ለፊት ተሸሽጎ የተቀመጠ አካል መሆኑን የተማርኩት የእማዬ ዓይን ቢጫ ሆኖ የቆሽት ካንሰር ነው ከተባልን በኋላ ነው። ኢንሱሊን የሚያመርተውም፣ ምግብ የሚፈጩትን ኢንዛይሞች የሚያወጣውም እሱ ነው ለካ።

ይህን የምጽፈው አንዲትን ሲስተር ለማመስገን ነው። ስሟን አልጠራም፣ እሷም አትፈልግም። ሥራዋ ግን ስም አለው፤ የጥናት ነርስ ትባላለች። አዲስ ሕክምና በሚሞከርበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው አለ። መኖሯን ስለማናውቅ አንጠይቅም እንጂ።

የእማዬ ዕጢ ወደ አንጀት የሚሄደውን ትልቅ የደም ቧንቧ አቅፎት ስለነበር ኦፕራሲዮን አይሆንም ተባልን። እኛ ብቻ አይደለንም። የቆሽት ካንሰር በተገኘ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችለው ከ100 ሰው ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ነው። ሲቻልም ከባድ ነው። ዊፕል የሚባለው ኦፕራሲዮን የቆሽቱን ራስ፣ የትንሹን አንጀት መጀመሪያና የሐሞት ከረጢቱን አውጥቶ የቀረውን መልሶ ያገጣጥማል። ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ ማገገሙም ረጅም ነው። እማዬ ኬሞ ጀመረች። ከወራት በኋላ ስካኑ በሽታው አለመሰራጨቱን ሲያሳይ ሐኪሟ ስለ አንድ ጥናት ነገራት። ሆድ ሳይከፈት፣ በመርፌ በሚላክ ኤሌክትሪክ ዕጢውን መግደል። ኤሌክትሮፖሬሽን ይሉታል።

ቀደም ሲል አንድ ሌላ ቦታ ስለዚሁ ሕክምና ስንጠይቅ «ቢላ አይነካትም፣ ድና ትወጣለች» ብለውን ነበር። ስንት ቀን በዚያ ቃል እንደኖርን እኔ ነኝ የማውቀው። ሲስተር ግን ገና ከመቀመጧ «ይህ ሙከራ ነው» አለችን። «ይጠቅም አይጠቅም ገና እየተጠና ነው። የታወቀ ቢሆን ኖሮ ጥናት ባላስፈለገ።» የሚገርመው፣ የቀለለኝ ያኔ ነው።

ከእማዬ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎኗ ነበር የተቀመጠችው። ወረቀት ገልብጣ ቆሽቱን ሳለች፣ በመሀሉ የሚያልፈውን የደም ቧንቧ አሰመረች፣ ዙሪያውን አራት ነጥብ አደረገች። ነጥቦቹ መርፌዎች ናቸው። በሲቲ ስካን እየታዩ በቆዳ በኩል ይገባሉ። በመካከላቸው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እስከ 3,000 ቮልት ሊደርስ ይችላል፤ የአንዱ ምት ርዝመት ግን ከሰከንድ አንድ አሥር ሺህኛ አይበልጥም። የካንሰሩ ሴል ሽፋን ይበሳሳና መልሶ መግጠም ያቅተዋል፣ ይሞታል። ዋናው ሥራው በማቃጠል ስላልሆነ የደም ቧንቧው ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል።

«ልጄ፣ ልቤንስ አይመታውም?» አለች እማዬ።

«ደግ ጠየቁ እማማ። ማሽኑ የልብዎን ምት እየተከተለ ነው የሚልከው። ሙሉ ሰመመን ይሰጥዎታል፤ ጡንቻዎ እንዳይኮማተርም መድኃኒት አለው።»

ከዚያ እስክሪብቶውን ለእማዬ ሰጠቻት። «አሁን ደግሞ እርስዎ ያስረዱኝ።»

እማዬ ነጥቦቹን እየነካካች በራሷ ቋንቋ አስረዳች። ያኔ ነው ሁላችንም የተሳሳትነው ነገር የወጣው። ከፈረመች መርፌው የግድ የሚደርሳት መስሏት ነበር። እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ሲስተር ቀስ ብላ አረመችን። የሚመድበው ኮምፒውተር ነው፣ በዕጣ። ግማሹ ኤሌክትሪኩን ያገኛል፣ ግማሹ በኬሞው ይቀጥላል፣ ማንም አይመርጥም። በማንኛውም ቀን «ይቅርብኝ» ብሎ መውጣት ይቻላል፣ መደበኛው ሕክምና አይቋረጥም። ሲስተር ሳትጠይቃት እማዬ ብትፈርም ኖሮ ወረቀቱ ላይ ፊርማ ይኖራል፣ ፈቃድ ግን አይኖርም ነበር።

ደስ የማይለውንም አልደበቀችንም። ኔዘርላንድስ ውስጥ ይህንኑ ዘዴ ዕጢው ላይ ካነጣጠረ የጨረር ሕክምና ጋር ያወዳደረ ጥናት ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ ኤሌክትሪኩ ዕድሜ በማርዘም በኩል ከጨረሩ የሚሻልበት አልተገኘም። ይህንን ነገረችን። መድማት፣ የቆሽት መቆጣት፣ የደም መርጋት ሊመጣ እንደሚችልም ነገረችን። እማዬ ሁሉንም ሰምታ ፈረመች። ዕጣው መርፌው ላይ ወደቀ።

በጣም የማመሰግናት ግን ከዚያ በኋላ ባለው ነገር ነው። በየሳምንቱ ትደውላለች። ሰው የሚያፍርበትን ትጠይቃለች። «እማማ፣ ሰገራዎ ቅባት አለው? ይንሳፈፋል?» ይንሳፈፍ ነበር። እማዬ የምትከሳው ካንሰሩ እየበላት ብቻ መስሎን ነበር፤ ቆሽቷ በቂ ኢንዛይም ስለማያወጣ የምትበላውም አይፈጭላትም ነበር። ሲስተር ለሐኪሙ ነገረች፣ የኢንዛይም እንክብል ታዘዘ። ከምግቡ በፊት ወይም በኋላ ሳይሆን ከምግቡ ጋር፣ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ መዋጥ እንዳለበት ያሳየችንም እሷ ናት። እማዬ ክብደት መጨመር የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው።

ዳነች አልልም። ሲስተርም እንዲህ አትልም።

ከእናንተ ማንም የቆሽት ካንሰር ያለበት ሰው ቤቱ ካለና ጥናት ከቀረበለት፣ «የጥናት ነርሷን ላናግር» በሉ። በጥናቱ ብንገባ ከተለመደው ሕክምና ምን ይቀርብናል በሉ። ሌሊት ትኩሳት ቢመጣ ለማን እንደውላለን በሉ፤ በተለይ የሐሞት ቱቦ ውስጥ ስቴንት (ቱቦው እንዳይዘጋ የሚገባ ትንሽ ቧንቧ) ላለበት ሰው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ለነገ የሚባል አይደለም። መልሳችሁ እንድታስረዷት የምትጠይቅ ሰው ካገኛችሁ እሷን ያዙ።

ሲስተር፣ ያንን ሥዕል እማዬ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛዋለች። ለጠየቃት ሁሉ እሷ ናት አሁን የምታስረዳው፣ አራቱን ነጥብ በጣቷ እያሳየች።