የሚሽከረከረው አንቴና፣ 60ው ዲሽ ወይስ 90ው?

ባለፈው እሁድ ደግሞ አንዱ ወዳጄ ደወለ። ሱሉልታ አዲስ ቤት ገብቷል። "ስማ፣ ካርቶኑ ላይ 1,500 ኪሎ ሜትር ይስባል የሚል አንቴና አገኘሁ። ልግዛው?" ይህን ሲጠይቀኝ ዘንድሮ አምስተኛው ሰው ነው። በስልክ ከምደጋግመው ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሴ አጭር ነው፤ አትግዙት። ባለ 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ግዙ።

ይህን ያስተማረኝ ከኪሴ የወጣ ብር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት መርካቶ ሄጄ በሪሞት የሚሽከረከር አንቴና ገዛሁ። ሻጩ 3,200 ብሎ ጀመረ። "ላንተ ስል ነው" ብሎ 2,700 ላይ ሲያወርድልኝ ያተረፍኩ መስሎኝ ነበር። ጣሪያ ላይ ሰቀልነው። ሪሞቱን ስጫን ዞረ። ልጆቹ አጨበጨቡ፣ ጎረቤት ወጥቶ አየ። ቴሌቪዥኑ ግን ሽሽሽ ከማለት በቀር ምንም አላሳየም።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የምድር ማሰራጫው ያለው ፉሪ ተራራ ላይ ነው። ከእኛ ሱሉልታ እዚያ ድረስ በቀጥታ ቢለካ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ርቀቱስ ባልከፋ፤ መሃል ላይ እንጦጦ ተገትሯል። የቴሌቪዥን ሞገድ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት አይወርድም። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር እውነት ቢሆን ኖሮማ ናይሮቢን አልፈን በያዝን ነበር። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአየር 1,160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

"ቡስተር አለው" ይሏችኋል። ቡስተር ያለውን ያጎላል እንጂ የሌለውን አያመጣም። የኔው ቡስተር አዳፕተር በአራተኛው ወር መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለ። መቀየሪያው 450 ብር። ሞተሩ አንድ ክረምት አልፎት ፊቱን ወደ ሰሜን እንዳዞረ እዚያው ደረቀ። ስፈታው ደግሞ አሉሚኒየም ነው የተባለው ዘንግ ቀለም የተቀባ ስስ ቆርቆሮ ሆኖ ተገኘ። በሁለት ጣት ታጠፈ። ድምር ወጪ 3,150 ብር፣ የታየ ፕሮግራም ዜሮ።

ለቡ፣ ጀሞ ወይም ፉሪ አካባቢ ሆናችሁ ተራራውን ከግቢያችሁ በዓይናችሁ የምታዩ ከሆነና ኢቢሲ ብቻ ከበቃችሁ፣ ሞተርም ቡስተርም የሌለው ተራ የአሉሚኒየም አንቴና ይሠራል። ለእናንተ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሌሎቻችን ግን ወደ ሰማይ እንይ። ኢትዮሳት የሚባሉት ጣቢያዎች ያሉበት ሳተላይት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ሲታይ ከአድማስ ወደ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ነው። አናት ላይ ነው ማለት ይቻላል። እንጦጦ አይጋርደውም፤ የጎረቤት ፎቅም ብዙ ጊዜ አይደርስበትም።

እዚህ ላይ ነው የ60 እና የ90 ክርክር የሚመጣው። "60 ይበቃል" የሚሉ አሉ። ይበቃል፣ እስከ ሰኔ ድረስ። የሳተላይቱ ሞገድ አጭር ስለሆነ ከባድ ዝናብ ይበላዋል። የሱሉልታን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ልክ ዜና ሲጀምር ይጠቁርና "ኖ ሲግናል" ይላል። 90ው ከ60ው ብዙም የማይበልጥ ይመስላል እንጂ የፊቱ ስፋት 2.25 እጥፍ ነው። ያን ያህል ብዙ ሞገድ ይለቅማል ማለት ነው። የኔ 90 በረዶ ሲወርድ ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋል፣ በተራ ዝናብ ግን አይነቃነቅም።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ባለፈው ወር ስጠይቅ 60ው 1,800፣ 90ው 2,900 ብር ነበር። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዋጋ አንድ ቦታ ስለማይቆም ቁጥሮቹን ሳይሆን ልዩነቱን ያዙ፤ 1,100 ብር። አሁን ይህን አስሉ። ክረምት ላይ ዲሽ ሠሪ ስትጠሩ በእኛ ሰፈር 700 ብር ነው። ደግሞ የሚመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ሪሲቨሩን ያበራል፣ ምስሉ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ "ይኸው ሰርቷል" ብሎ ብሩን ይቀበላል። ሁለት ጊዜ ከጠራችሁት ልዩነቱን ከፍላችሁ ጨርሳችኋል፣ ዲሹ ግን ያው 60 ነው።

የ90ው ጥፋት ነፋስ ነው። እንደ ሸራ ይይዘዋል። በቀጭን ብረት ጣሪያ ላይ አትስቀሉት። እኔ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ባለ 2 ኢንች ቱቦ በ600 ብር አግኝቼ መሬት ላይ በሲሚንቶ ተከልኩት።

ፎርጅዱም ብዙ ነው። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ይህ ዓይነት ዲሽ ቁመቱ ከወርዱ ትንሽ ይበልጣል፤ ሻጭ በቁመቱ ለክቶ 80ውን 90 ነው ይላል። እናንተ በአግድም ለኩ። ከዚያ ጠርዙን በአውራ ጣት ጫን አድርጉት። እንደ ትሪ ከተርገበገበ ተዉት፤ አንድ ነፋስ ካጣመመው በኋላ የትኛውም ባለሙያ አያቃናውም። ብሎኖቹንም እዩ። የኔ የመጀመሪያዎቹ በስድስት ወር ዝገው በመፍቻ አልፈታ ብለው በመጋዝ ነው የተቆረጡት።

ገመዱ ላይ ደግሞ አትሰስቱ። መሃሉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። መዳብ ከሆነ እስከ ውስጥ ቀይ ነው። ፎርጅዱ ከላይ ቀይ፣ ከሥር ነጭ ነው። እኔ በሜትር 12 ብር ለማትረፍ ብዬ 25 ሜትር ነጩን ገዛሁ፣ 300 ብር ያተረፍኩ መስሎኝ። ዓመት ሳይሞላ ሙሉውን ቀየርኩት። ገመዱ ኤልኤንቢው ላይ (ከዲሹ ፊት ለፊት ሞገዱን የሚቀበለው ዕቃ ላይ) ሲታሰር ትንሽ ወደ ታች አንጠልጥላችሁ መልሱት፤ ውኃው እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ኮኔክተሩ ውስጥ አይገባም። ኤልኤንቢው ላይ የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጦ መድፋት ሰፈሩን ሁሉ ያዳረሰ ፋሽን ነው። እኔም ሞክሬዋለሁ። ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ጤዛ ተጠራቅሞ የሲግናሉ ኳሊቲ ይወርዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። "ናይልሳትንም ኢትዮሳትንም በአንድ ዲሽ አደርግላችኋለሁ፣ ኤልኤንቢ ብቻ ጨምሩ" የሚል ሰው ከመጣ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት። የአረብ ጣቢያዎች ያሉበት ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው፣ መሃላቸው 64 ዲግሪ አለ። አንዱ ወደ ፀሐይ መውጫ፣ አንዱ ወደ መጥለቂያ ነው። ሁለቱንም ከፈለጋችሁ ሁለት ዲሽ ነው። ናይልሳት ደግሞ ዝቅ ያለ ስለሆነ በምዕራብ በኩል የጎረቤት ባህር ዛፍ ካለ ቀድማችሁ እዩ።

ባለሙያው አስተካክሎ ሳይወርድ ማርከር ስጡት። ዲሹ ቱቦውን በሚይዝበት ቦታ ላይ አንድ መስመር፣ የከፍታው ብሎን ላይ ሌላ መስመር ያስምርበት። ነሐሴ ላይ ነፋስ ሲያዞርብኝ መሰላል ተደግፌ መስመሩን ከመስመሩ ገጠምኩ፣ ብሎኑን አጠበቅሁ፣ ወረድኩ። 700 ብሩ ኪሴ ውስጥ ቀረ።