የነፋስ ኃይልን ለማስተማር፦ አዳራሽ ወይስ አደባባይ?

ስለ ነፋስ ኃይል ሕዝብ ማስተማር የፈለገ ሰው መሃል አዲስ አበባ ላይ ሁለት ምርጫ አለው። አራት ኪሎ አካባቢ አዳራሽ ይዞ ውይይት መጥራት፣ ወይም መንገዱ ለመኪና በሚዘጋበት እሑድ መስቀል አደባባይ ድንኳን መጣል።

አደባባዩ ሰው አያጣም። ነፋስ የፕላስቲክ ክንፍ ሲያዞር፣ ትንሽ ዳይናሞ አምፖል ሲያበራ ልጆች ያያሉ። ወላጅም አብሮ ይቆማል። ግን ስንት ደቂቃ? ያ ሁሉ ሙዚቃ እየጮኸ «ነፋሱ ባይነፍስስ?» ለሚል ሰው መልስ መስጠት ጭንቅ ነው።

ዋናዋ ጥያቄ ደግሞ ያቺው ናት። አዳራሽ ውስጥ ረጋ ብሎ ማስረዳት ይቻላል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚሸከመው ኃይል 8 እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ የቦታ ምርጫ ወሳኝ ነው። አዳማ ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሁለት ጣቢያዎች የተተከሉት እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የወቅቱ ነገር ነው። በበጋ የግድቦች ውሃ ሲቀንስ ነፋሱ ይበረታል። አንዱ የሌላውን ክፍተት ይሞላል። ይህን ለማስረዳት ጊዜም ጸጥታም ያስፈልጋል።

የአዳራሹ ችግር ታዳሚው ነው። የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያውቀው፣ መሐንዲሱና የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ነው።

ወጪ? አንዱ ኪራይ፣ ሌላው ፈቃድና ድንኳን። እሱን ተዉት።

እኔ ብጠየቅ ለልጆች አደባባዩን፣ «መብራት ለምን ይጠፋብናል?» ብሎ ለተናደደ ጎረቤት አዳራሹን እመርጣለሁ። በክረምት ግን አደባባዩ ጭራሽ አይታሰብም።