«የጌይሻ ሥዕል» ሲሏችሁ መጀመሪያ ግንባሩን እዩ

ኢንተርኔት ላይ የጃፓን ጥንታዊ ሥዕል የምትገዙ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ገንዘብ አትላኩ። እኔ 280 ዩሮ ተበልቻለሁ።

ማስታወቂያው «ጌይሻ፣ የኩኒሳዳ ሥራ፣ 1852፣ ኦሪጅናል» ይላል። ጌይሻ በሙዚቃና በጭፈራ እንግዳ የምታዝናና ጃፓናዊት ናት፤ ኩኒሳዳ ደግሞ ሥዕሎቹ ከተቀረጸ እንጨት ይታተሙ የነበረ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጃፓናዊ ሠዓሊ ነው። ፎቶው ያምራል። ቸኩዬ ከፈልኩ። ሲደርሰኝ የ«ሴትየዋ»ን ግንባር አየሁት። ከፀጉሩ ፊት ለፊት ሐምራዊ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል። ለካ ጌይሻ አይደለችም፤ ካቡኪ የሚባለው የጃፓን ባህላዊ ቴአትር ተዋናይ ነው፣ ወንድ። በፈረንጆች 1629 ሴቶች ካቡኪ እንዳይጫወቱ ታገዱ። በ1652 የመታገዱ ተራ የወጣት ወንዶቹ ሆነ። ከዚያ ወዲያ መድረክ የሚወጣው ከግንባሩ በላይ ያለውን ፀጉር የተላጨ ወንድ ነበር። ሴት ሆነው የሚጫወቱት ኦናጋታዎች የተላጨውን ቦታ በዚህ ጨርቅ ሸፈኑት። ጨርቁ ራሱ ውበት ሆነ። ሠዓሊዎቹም አልደበቁትም። የዚያ ዘመን ሥዕል ገዢ ተዋናዩ ወንድ መሆኑን እያወቀ ነው በሴትነቱ የሚማረከው። ይህን ሥዕል የምወደውም ለዚህ ነው።

ሻጩ ግን ማንን እየሸጠ እንዳለ እንኳ አያውቅም። ጥርጣሬ ገባኝና አጉሊ መነጽር አመጣሁ። የኪሞኖው ቀይ ቀለም ጥቃቅን ነጠብጣብ ነው፣ ልክ እንደ መጽሔት ፎቶ። ገለበጥኩት። ጀርባው ነጭ፣ ንጹሕ። ከተቀረጸ እንጨት በእጅ የታተመ ቢሆን ቀለሙ ወደ ጀርባ ዘልቆ ይታይ ነበር። አታሚው ወረቀቱን ከጀርባ በኩል ባረን በሚባል ክብ የእጅ መሣሪያ ስለሚያሸው፣ የማሸቱ ምልክትም ብዙ ጊዜ ይቀራል።

ሻጩን ስጠይቀው «1852 ያልኩት የተሣለበትን ዓመት ነው» አለኝ። ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ስለዚህ «መቼ ተሣለ?» አትበሉ። «ይህ ወረቀት መቼ ታተመ?» በሉ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የጀርባውን ፎቶ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ተዉት። ነጠብጣብ የለውም ብላችሁም አትዘናጉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አዲስ እንጨት ተቀርጾ በእጅ የታተመ ቅጂ ሞልቷል። ቅጂ ነው ተብሎ በቅጂ ዋጋ ከተሸጠ ምንም ነውር የለበትም። የኩኒሳዳ እውነተኛ ህትመትም ቢሆን በብዛት ስለተረፈ፣ «አንድ ብቻ ቀርቷል» ሲሏችሁ አትደንግጡ።

ገንዘቤ እስካሁን አልተመለሰም። ትናንት ያው ሻጭ ሌላ ሥዕል አውጥቷል። ግንባሩ ላይ ያው ሐምራዊ ጨርቅ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ «ጌይሻ፣ ኦሪጅናል» የሚል ጽሑፍ።