ሞዴል ኤ ወይስ ሞዴል ሲ? በቦሮቮ የሚኖር ሰርብ ወላጅ ምርጫ

ቦሮቮ በምሥራቅ ክሮኤሽያ፣ ከቩኮቫር አጠገብ በዳኑብ ወንዝ ዳር የምትገኝ ትንሽ የገጠር ማዘጋጃ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ቆጠራ ከ5,056 ነዋሪዎቿ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ሰርቦች ነበሩ። ልጃቸውን ትምህርት ቤት የሚያስገቡ ሰርብ ወላጆች በተለይ አገሪቱ ለአናሳ ብሔረሰቦች ካዘጋጀቻቸው የትምህርት ዓይነቶች ሁለቱን፣ ሞዴል ኤንና ሞዴል ሲን፣ ያመዛዝናሉ።

ትምህርቱ፦ በሞዴል ኤ ሁሉም በሰርብኛና በሲሪሊክ ፊደል ይሰጣል፤ በላቲን ፊደል ለሚጻፈው ለክሮኤሽያኛ ቋንቋም ከሰርብኛ ቋንቋ ትምህርት እኩል ክፍለ ጊዜ ይመደብለታል። በሞዴል ሲ ትምህርቱ በክሮኤሽያኛ ሆኖ፣ በሳምንት ከ2 እስከ 5 ክፍለ ጊዜ የሰርቦች ቋንቋና ባህል ይታከልበታል።

ጫናው፦ የሞዴል ኤ ልጅ ሁለት ፊደል ጎን ለጎን ይለምዳል። በላቲን «ፐ» ብሎ ያነበበው ቅርጽ በሲሪሊክ «ረ» ስለሚሆንበት፣ መጀመሪያ ላይ የወላጅ ትዕግሥት ያስፈልገዋል። የሞዴል ሲ ጫና ደግሞ ተጨማሪው ሰዓት ነው።

ሥጋቱ፦ ሞዴል ኤ ሰርብና ክሮኤሽያዊ ልጆችን በተለያየ ክፍል ያስቀምጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በክሮኤሽያውያንና በሰርቦች መካከል የተነሣው ጦርነት ባቆሰለው አካባቢ ይህ እጅግ ያሳስበኛል። በሞዴል ሲ ግን የአያቶቹ ፊደል ቀስ በቀስ ከልጁ እጅ ሊወጣ ይችላል።

በቤትም በሰፈርም ሰርብኛ ለሚናገር፣ ምናልባትም ሰርቢያ ውስጥ ወዳለችው ኖቪ ሳድ ከተማ ሄዶ ለመማር ለሚያስብ ልጅ ሞዴል ኤ ይስማማል፤ ቤተሰቡ ቅይጥ ለሆነ ወይም ወደ ክሮኤሽያ ዋና ከተማ ዛግሬብ ለሚያመራ ሞዴል ሲ ይቀናል።