ለጋ ቅቤ ወይስ ተልባ?

ፀጉሬ ከርዳዳና ደረቅ ነው። ለጋ ቅቤ ስቀባው ወዙ ይመለሳል፤ ሹሩባ ለመሠራትም ይለሰልሳል። ጣጣው ፀሐይ ላይ ነው። ቀልጦ በአንገት ይወርዳል። ሽታውማ ታክሲ ውስጥ መስኮት ያስከፍታል! በሻምፑ በደንብ ካልታጠበ ደግሞ አቧራ ይይዛል።

ተልባ ቀለል ይላል። 2 የሾርባ ማንኪያ ተልባ በ2 ኩባያ ውሃ እያማሰሉ መቀቀል ነው። እንደ እንቁላል ነጭ ሲዝለገለግ በትኩሱ በስስ ጨርቅ ይጠለላል። ከቀዘቀዘ አይወርድም፤ ደርሶብኛል። ታጥቦ ገና እርጥብ የሆነ ፀጉር ላይ ይቀባል። ሲበዛ ግን ደርቆ ይፈረፈርና ፎረፎር ይመስላል። ፍሪጅ ውስጥም ከሳምንት በላይ አላቆየውም።

ለሥራ ቀን ተልባን እመርጣለሁ። ቅቤው ለቅዳሜ ማታ ነው፤ ሻሽ አስሬ አድሬ እሑድ ጠዋት እታጠባለሁ።